ለመሆኑ ልጁ የት ገባ?

የእኛ ሰው የቆየ ዘፈን ሲሰማ ዝም ብሎ ማዳመጥ አይሆንለትም። ገና መግቢያው ላይ ኪቦርዱ መነካካት ሲጀምር «ውይ ውይ ውይ!» ይላል። ቀጥሎ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ራሱን ይነቀንቃል። ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት ደግሞ ያቺን የማትቀር ጥያቄ ይጠይቃል፦ «ለመሆኑ ይሄ ልጅ የት ገባ?»

«ልጁ» ዛሬ ስልሳን ሳይሻገር አልቀረም። የልጅ ልጅም አይቶ ይሆናል። ጠያቂው ግን ይሄን አይሰማም። ሰውየው እሱ ዘንድ ያኔ ካሴቱ ሽፋን ላይ እንደነበረው ነው፦ አፍሮ ጠጉር፣ ሰፊ ኮሌታ፣ አገጭ ላይ ያረፈ እጅ።

ልብ ብላችሁ እንደሆነ ጥያቄው ስለ ትልልቆቹ አይጠየቅም። ጥላሁን ገሠሠ የት ገባ የሚል የለም። በ2001 ዓ.ም. አገር ተሰብስቦ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሸኝቶታል። «የት ገባ?» የሚባለው አንዲት ዘፈን ሰጥቶን፣ አገሩን አንድ ክረምትና አንድ በጋ አስጨፍሮ፣ ከዚያ ድምፁ ስለጠፋው ሰው ነው።

መልሱም እንደ ጥያቄው የተለመደ ነው፤ ከሦስቱ አንዱ አይቀርም። «አሜሪካ ነው ያለው።» «ጌታን ተቀብሎ ዘፈን ተወ።» «ኧረ እሱ ሞቷል!» ሦስተኛውን የሚናገር ሰው ምንጊዜም እርግጠኛ ነው። ቀብር የደረሰ ዘመድም አያጣም። አንዳንዱ ዘፋኝ ሳይሞት ስንት ሠፈር እንደተቀበረ ቤቱ ይቁጠረው።

ሕዝቡን አልፈርድበትም፤ ወሬውን ከመሬት አላነሳውም። ሙሉቀን መለሰ እንኳ በዝናው ማማ ላይ ሳለ ዘፈኑን እርግፍ አድርጎ ትቶ ወደ መዝሙር ገባ፤ ኑሮውን አሜሪካ አደረገ፤ በ2016 ዓ.ም. እዚያው አረፈ። ሙሉቀን ግን ባለ ብዙ ዘፈን ነውና የዛሬው ወጌ እሱን አይነካም።

አራተኛ መልስም አለ፤ «እዚሁ ነው ያለው» የሚል። ይሄኛው ማንንም ደስ አያሰኝም። «እዚሁ አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ መለዋወጫ ይሸጣል፤ ባለፈው የፍሬን ሸራ የገዛሁት ከሱ ነው» ሲባል ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። ዘፋኝ ከጠፋ መጥፋት አለበት፤ ጠፍቶ የፍሬን ሸራ መሸጥ ምን የሚሉት ነገር ነው?

በቀደም ከፒያሳ ወደ መገናኛ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ እንዲህ ያለች ዘፈን መጣች። ታክሲው እስከዚያ ድረስ ዝም ጭጭ ብሎ ነበር፤ ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል።

«ሾፌር፣ እስቲ ጨመር አርገው» አሉ ከፊት የተቀመጡ ባለ ከረቫት ሰውዬ።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ እኮ የበኩር ልጄን ነፍሰ ጡር ሳለሁ የወጣ ነው» አሉ ዘንቢላቸውን እግራቸው ሥር ሸጎጥ ያደረጉ እናት። «ሽሮው ሁሉ ያቅለሸልሸኝ ነበር። ይሄ ሲዘፈን ብቻ ነበር ትንሽ የምቀምሰው።»

«የለም እማማ፣ ብሔራዊ ውትድርና ልንሄድ ስንል ነው የወጣው» አሉ ባለ ከረቫቱ። «አውቶብሱ ላይ ስንዘፍነው ነው የሄድነው።»

«እንግዲያው የኔን ልጅ ዕድሜ ቁጠራት!»

ቆጠሩ። ሂሳቡ ሊገጥም አልቻለም፤ ሁለቱም ከዓመታቸው ንቅንቅ አልል አሉ። ከኋላ ያለች ወጣት ደግሞ ዘፈኑን የምታውቀው አባቷ መኪና ሲያጥቡ ከሚያንጎራጉሩት እንደሆነ ተናገረች። ማን ዘፈነው ሲባል ግን ታክሲው ሙሉ ዝም። በመጨረሻ ሃያ ዓመት እንኳ የማይሞላው ረዳት ፍርዱን ሰጠ፦ «ፍላሹ ላይ ‹ትራክ 14› ነው የሚለው።»

ይሄን ጊዜ አንድ ተሳፋሪ «ወራጅ! ኧረ ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ። መውረጃውን ካለፈ ቆይቷል። ቢሆንም አልተቆጣም፤ እየዘፈነ ነው የወረደው።

እኔን የገረመኝ ስለ ዘፈኑ ያወራ አንድም ሰው አለመኖሩ ነው። ዜማው እንዲህ ነው፣ ግጥሙ እንዲያ ነው ያለ የለም። እናትየው ስለ እርግዝናቸው አወሩ፤ ሰውየው ስለ ዘመቻቸው። ትራክ 14 የሠራው በሩን መክፈት ብቻ ነው፤ የገቡት እያንዳንዳቸው ወደየቤታቸው ነው።

ነገርን ነገር ያነሳዋልና የኛን ቤት ላንሳ።

እኔ ያደግሁት በካሴት ዘመን ነው። ለማያውቁት ልጆች ላስረዳ፤ ካሴት ፊትና ጀርባ አለው። አምስት ስድስት ዘፈን ከፊት፣ አምስት ስድስት ዘፈን ከጀርባ። አንድ ካሴት ሲወጣ ሙዚቃ ቤቶች ድምፅ ማጉያቸውን ደጃፍ ላይ አውጥተው አንዷን ዘፈን ብቻ እየደጋገሙ መንገደኛውን ያደነዝዙታል። የቀሩት ዘፈኖች ለዚያች አጃቢዎች ናቸው።

ቤታችን የነበረው ናሽናል ቴፕ ታላቅ ወንድሜን ጌታዬ ብሎ የሚገዛ እንጂ የቤተሰብ አልነበረም። ካንዱ ካሴታችን ያቺን አንዷን ዘፈን መልሶ ለመስማት ቴፑን ወደኋላ ማጠንጠን የባትሪ ድንጋይ ይጨርሳል። ስለዚህ እስክሪብቶ ካሴቱ ጥርስ ውስጥ ተሰክቶ በእጅ ይሽከረከራል፤ ይሄ የኔ ሥራ ነበር። ድንጋዩ ሲደክም ዘፋኙ እንደ ታመመ ሰው ድምፁ እየወፈረ፣ እየተጎተተ ይሄዳል። ያን ጊዜ ድንጋዩ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ አልሆን ሲል በጥርስ ይነከሳል። ተነክሶ ደግሞ ግማሽ ዘፈን ያህል ነፍስ ይዘራል።

አንዳንዴ ቴፑ ካሴቱን ይበላዋል። ክሩ ተጎትቶ፣ ተጨማዶ፣ ሲብስም ተበጥሶ ይወጣል። የአክስቴ ቀይ ኩቴክስ ያን ጊዜ ከጥፍር ይልቅ ለካሴት ክር ነበር የሚያልቀው። በዚህ የተነሳ እኛ ቤት ያቺ ዘፈን መሃሏ ላይ ዘፋኙ አንዲት ቃል ውጦ ያልፍ ነበር። እስከ ዛሬ በትክክል ስትዘፈን ስሰማ ሰው ጨምሮባት የተበላሸች ይመስለኛል።

ከዚያ ካሴት ያቺን ዘፈን እንጂ ሌሎቹን አንዳቸውንም አላውቃቸውም። ከፊቷ ያለው የሚታወቀኝ ማለቂያው ላይ ብቻ ነው፤ ቶሎ እንዲያልቅ ስለምንጠብቀው። ጀርባውማ ሳይነካ በድንግልናው ቀረ። ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ የተፈተንኩበት ዓመት ነበር። ዘፈኗ ስትጀምር እስከ ዛሬ የሚመጣልኝ የፍቅር ነገር አይደለም፤ የኩራዝ ጭስ፣ የሒሳብ ደብተሬና እናቴ «ይሄን ጩኸት ዝጉትና ልጁ ያጥና!» ስትል ነው። ዘፈኗ ስለ ዓይነ ውብ ልጅ ናት። ለኔ ግን ስለ ክፍልፋይ ሒሳብ ነው የምትዘፍነው።

ከኛ በፊት የነበሩት ደግሞ ሸክላ ነበራቸው። የባሰው እዚያ ነው። ባለ 45 ዙር ሸክላ የሚይዘው ሁለት ዘፈን ነው፤ አንድ በዚህ ፊት፣ አንድ በዚያ ፊት። ሸክላ የማሳተም መብት በመንግሥት ፈቃድ ለሀገር ፍቅር ተሰጥቶ በነበረበት ዘመን አምሐ እሸቴ የሚባል ደፋር ወጣት እ.ኤ.አ. በ1969 በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ። የመጀመሪያ ሸክላው የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። አገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ ዘፈኑ እዚህ ተቀርጾ ሸክላው በባሕር ማዶ ይታተም ነበር። እ.ኤ.አ. እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላዎች አወጣ። እንግዲህ አንድ ሸክላ ሠርቶ ሁለተኛ ያልቀናው ሰው በዓለም ላይ ያለው ሀብት ሁለት ዘፈን ነው። ከሁለቱም ሰው አንዱን ይመርጣል።

ስለዚህ ባለ አንድ ዘፈን መሆን የስንፍና ብቻ አይደለም። ዕቃውም አያሰፋም ነበር።

የዕድልም ነገር አለበት። ግርማ በየነን ውሰዱ። በዚያ በሸክላው ዘመን ስንትና ስንት ዘፈን ለሌሎች ያቀናበረ፣ ፒያኖ የተጫወተ ሰው ነው። በራሱ ድምፅ ሸክላ ላይ ያስቀረው ግን አራት ዘፈን ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ከዋሊያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሠራ። የት ገባ ሲባል ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ከፈረንሳይ ልጆች ጋር አዲስ አልበም ይዞ ብቅ አለ። «ኢትዮፒክስ» የሚባለው ተከታታይ ሠላሳኛ ቁጥር የሱ ሆነ። ስንቱ አሜሪካዊ ነዳጅ ሲቀዳ ሂሳቡን የተቀበለው ማን እንደሆነ ሳያውቅ ሄዷል!

ፈረንጆቹም ዘንድ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ካኦማ የሚባል ቡድን ላምባዳን አመጣ። እኛም ሠፈር ደርሳ ነበር፤ ቋንቋው ስላልገባን የራሳችንን አማርኛ ሞላንባት፣ ግማሹም ስድብ ነበር። ኋላ ሲጣራ ዜማው የቦሊቪያ ሰዎች ሆኖ ተገኘ፤ ሎስ ኻርካስ የሚባሉ፣ ካኦማን በፍርድ ቤት የረቱ። አንዲት ዘፈን ብቻ ኖራችሁ እሷም የሰው ስትሆን አስቡት።

ማካሬናስ? የዘፈኗት ሁለት የስፔን ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ አብረው ይዘፍኑ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየሠርጉ፣ በየመጠጥ ቤቱ ጉሮሯቸው እስኪነቃ ዘፍነዋል። ዓለም የሰማቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ያቺ ዘፈን አሜሪካ ውስጥ 14 ሳምንት አንደኛ ሆና ቆየች። ሕዝቡ ታዲያ ምን አለ? «አንድ ዘፈን ብቻ ያላቸው ሽማግሌዎች» አለ። ያልተነካ ግልግል ያውቃል።

ባለ አንድ ዘፈን ሰው ግን የአንድ ዘፈን ባለቤት መሆኑ ብቻ አይደለም ጭንቁ። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ነው ነገሩ።

አንድ የማውቀው ዘፋኝ አለ፤ ስሙን አልጠራም፣ ብጠራውም የምታውቁት ዘፈኑን ነው። ከሰርግ ሰርግ እየተጠራ ይዘፍናል። አንድ ቅዳሜ ሰርግ ላይ አገኘሁት። መድረክ ላይ ወጥቶ «አሁን ደግሞ ከአዲሱ ሥራዬ» ሲል አዳራሹ በአንድ ድምፅ «ያቺን! ያቺን!» አለ። ዞር ብሎ ኪቦርዲስቱን አየው። ኪቦርዲስቱ እጁን ገና ድሮ ያቺ ላይ አሳርፏል። ዘፈነ። ሙሽራዋ ዘፈኑ ሲወጣ አልተወለደችም፤ ግን ከሱ እኩል ትዘፍናለች፤ እንዲያውም አንድ ቦታ ላይ ግጥሙ ሲጠፋው እሷ ናት ያስታወሰችው።

ኋላ ከድምፅ ማጉያው ጀርባ ተቀምጦ ክትፎውን እየበላ አጫወተኝ። የአንገት ቢራቢሮውን ፈትቶ ኪሱ ከቶታል፤ የሸሚዙ ኮሌታ በላብ ርሷል።

«ወንድሜ» አለኝ፤ «ታበላኛለች፣ ግን አታስተኛኝም።»

«ሌሎቹን ዘፈኖችህን አትወዳቸውም?»

«እወዳቸዋለሁ እንጂ። ሌሎቹን ግን እኔና እናቴ ብቻ ነን የምናውቃቸው። እናቴም ባለፈው ‹ያቺን ዝፈናት እስቲ› አለችኝ።»

እንግዲህ ያቺ ዘፈን ስንት ታክሲ ውስጥ፣ ስንት ቡና ቤት፣ ስንት ቪዲዮ ላይ እንደተሰማች አስቡት። እሱ ያኔ ከሙዚቃ ቤቱ የተቀበለው የአንድ ጊዜ ክፍያ ነው፤ እሷንም ሱፍ ገዛባት። ካሴቱን እያባዛ የሸጠው ሁሉ ቤት ሠርቷል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ሲወጣ የሱ ሱፍ አልቆ ለታናሽ ወንድሙ ተላልፎ ነበር።

ሁለተኛ ዘፈን ለማምጣት የሚታገሉትማ ብዙ ናቸው። የወደድንለትን ትቶ የማናውቀውን ይዞ ይመጣል። ስልቱን ይቀይራል፣ ጠጉሩን ይቀይራል፣ ስሙን የቀየረም አለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆንና ያቺንም መዝፈን ያስጠላዋል። ያኔ ነው «የት ገባ?» የሚጀመረው።

ከሁሉም የታደሉ የሚመስሉኝ የመስከረም ዘፋኞች ናቸው። እንደ አደይ አበባ በዓመት አንዴ ብቅ ይላሉ፤ ከጳጉሜን ጀምሮ ሬዲዮኑንም ቴሌቪዥኑንም ይሞሉታል፤ መስቀል ሲያልፍ ይከስማሉ። ማንም «የት ገቡ?» አይልም። ሲመጣ መስከረም እንደሚመጡ ያውቃላ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ።

ሰው «ጥላሁንን ስሰማ የድሮ ጊዜ ይመጣብኛል» ሲል እጠይቃለሁ፦ የትኛው ድሮ? ጥላሁንን ያልሰማሁበት ዓመት የለም። በልጅነቴ ሰምቼዋለሁ፤ ሰርግ ላይ ሰምቼዋለሁ፤ ሥራ ባጣሁ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ትናንትም ሰምቼዋለሁ። ትልቅ ዘፋኝ ዕድሜ ልክ አብሮን ስለሚኖር ዘፈኑ ላይ ትዝታ በትዝታ ይደራረብና የቱ ዓመት የቱ እንደሆነ ይጠፋል። የሁሉም ዓመት የሆነ ዘፈን የየትኛውም ዓመት ማስረጃ አይሆንም።

ባለ አንድ ዘፈኑ ግን አንድ ዓመት መጣ፣ ዘፈነ፣ ሄደ። ዘፈኑም ከዚያች ዓመት ወዲህ ሌላ ዘፈን ስላልተደረበበት ዓመቷን እንዳለች ይዟታል፤ የዚያን ጊዜ የዘይት ወረፋ ሳይቀር፣ የዚያን ጊዜ ጫማ ሳይቀር፣ አሁን የት እንዳሉ የማናውቃቸው የሠፈር ልጆች ሳይቀሩ። እነዚያ እናት የበኩራቸውን ዓመት፣ ባለ ከረቫቱ የዘመቻቸውን ዓመት የሙጥኝ ያሉት ለዚህ ነው። የሚከራከሩት ስለ ካሴት መውጫ ቀን አልነበረም፤ ሁለቱም ሕይወታቸውን ከዚያች ዘፈን ጋር አስረው አስቀምጠዋታል።

ስለዚህ እኔ ብጠየቅ፣ ታላላቆቹ ዘፋኞች ያዝናኑናል፤ ዘመናችንን ቆጥረው ያስቀመጡልን ግን እነዚህ አንዳንድ ዘፈን ያላቸው ናቸው። ያውም ሳይከፈላቸው።

የዛሬ ልጆች ይሄ ወግ አይገባቸው ይሆናል፤ ዛሬ ካሴቱም ሲዲውም ቀርቶ ሁሉም ነጠላ ዜማ ነው የሚለቀው። አንዷን ለቆ ዩቲዩብ ላይ ስንት ሰው እንዳየው እየቆጠረ ያድራል። ሥራው ሁሉ ተመልሶ ወደ ሸክላው ዘመን ገባ፤ ያውም ጀርባ የሌለው ሸክላ። ነገ «ልጁ የት ገባ?» የሚባልላቸው ከኛ ዘመኖቹ ይልቅ ይበዛሉ ማለት ነው።

አንድ ነገር ብቻ ላሳስብና ልጨርስ። ምናልባት አንድ ቀን መለዋወጫ ልትገዙ ገብታችሁ፣ ወይም ዋሽንግተን ነዳጅ ልትቀዱ ቆማችሁ፣ ያን ፊት ታዩት ይሆናል። «ሞተሃል ተብሎ ነበር እኮ!» አትበሉት፤ ሰምቶታል። «ለምን ሌላ አልሠራህም?» አትበሉት፤ እሱንም ራሱን ሲጠይቅ ነው የሚያድረው። ስሙን ጠይቁት፣ በስሙም አመስግኑት። አንዲት ዘፈን ብቻ ናት ያለችው ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ብዙዎቻችን ግን እሷም የለችን።